ሳይጠሩ የመጡ ልጃገረዶች

የታሪክ ጸሐፊዎች ልማድ ሆኖ፣ በአንድ ታላቅ ስብሰባ ላይ የተጠሩትን እንግዶች በየማዕርጋቸው አሰልፈው ይጽፋሉ፤ ሳይጠሩ ገብተው ከሰልፉ ጫፍ የቆሙትን ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጓቸዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ታሪክ ሳይጠሩ የመጡትን የሚመለከት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በሴፕቴምበር 4 ቀን 1909 በሎንዶን ከተማ፣ ክሪስታል ፓላስ በሚባለው በመስተዋት በተሠራው ታላቅ አዳራሽ ቅጥር ግቢ፣ ወደ 11,000 የሚደርሱ ወንዶች ልጆች ተሰብስበው ነበር። ሰፋፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ መሐረብ በአንገታቸው አስረው፣ በትር ይዘው ተሰልፈዋል። እነዚህም ስካውት የተባለው የወጣቶች ማኅበር አባሎች ሲሆኑ፣ የመጡት መሥራቻቸው ጄኔራል ሮበርት ቤደን ፓዌል ሊጐበኟቸው ስለ ሆነ ነው። ጄኔራሉ ሰልፉን ሲመለከቱ ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ጥቂት ሴቶች ልጆች እንደ ወንዶቹ ባርኔጣ ደፍተው፣ እንደ ወንዶቹ በትር ጨብጠው፣ ተራ ይዘው ቆመዋል። ማን ጠራችሁ ቢባሉ የጠራቸው አልነበረም። እናንተ ማን ናችሁ ቢባሉ ግን፣ እኛም ስካውቶች ነን ከማለት አላፈሩም።

ልጃገረዶቹ ይህን ድፍረት ከየት እንዳገኙት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባናል። ቤደን ፓዌል ከኦክቶበር 1899 እስከ ሜይ 1900 ድረስ፣ በደቡብ አፍሪካ ማፌኪንግ በምትባል ትንሽ ከተማ በቦየሮች ጦር ተከበው 217 ቀን የተከላከሉ የእንግሊዝ የጦር መኰንን ነበሩ። በከበባው ጊዜ የከተማይቱ ወንዶች ልጆች በጭፍራ ተደራጅተው መልእክት ያደርሱ ነበር። መኰንኑም ኀላፊነት የተሰጠው ልጅ ከዕድሜው በላይ እንደሚሠራ በዚያ ተመለከቱ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1907 ኦገስት ላይ ብራውንሲ በምትባል ደሴት 20 ያህል ልጆችን፣ የባለጸጋና የሠራተኛ ልጅ ሳይለዩ፣ ድንኳን ተክለው ሐሳባቸውን ፈተኑ። በሚከተለው ዓመት፣ በጃንዋሪ 1908፣ ስለ ስካውትነት ለወንዶች ልጆች የጻፉት መጽሐፍ በየ15 ቀኑ አንድ አንድ ክፍል ሆኖ፣ በስድስት ክፍል ታትሞ ወጣ።

መጽሐፍ ግን አንባቢውን ወንድ ነህ ወይስ ሴት ነሽ ብሎ አይጠይቅም። ወንድሞች ያነበቡትን እኅቶች አነበቡት። ዱካ መከተልን፣ በከዋክብት አቅጣጫ ማወቅን፣ ቋጠሮ መቋጠርን፣ ቈስሎ የወደቀን ሰው ማንሣትን በየጓሮአቸውና በየሜዳው ይለማመዱ ጀመር። ለማኅበሩም ጽሕፈት ቤት ስማቸውን ሲልኩ ብዙዎቹ የራሳቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጽፉ ነበር። ጸሐፊው ከደብዳቤው የሚያገኘው አንዲት ፊደልና የቤተ ሰብ ስም ስለ ሆነ፣ ወንድና ሴት የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። እንዲህ ባለ ዘዴ ብዙ ልጃገረዶች በወንዶች መዝገብ ገቡ። በክሪስታል ፓላስ ሜዳ የታዩት ጥቂቶች እንግዲህ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከበስተኋላቸው ያልታዩ ብዙዎች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ጄኔራሉን ጭንቅ ያዛቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስፔክቴተር በተባለው የሎንዶን ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ ሴቶች ልጆች ከወንዶች ጋር በየዱሩ ይዞራሉ፣ እየመሸባቸው ይመለሳሉ የሚል ብርቱ ወቀሳ ወጣ። እናቶችም ሴት ልጃቸው እንደ ወንድ ባሕርይዋ ይሻክራል ብለው ፈሩ። ወንዶቹም ቢሆኑ እኅቶቻቸው የሚሠሩትን ሥራ እንደ ጀግንነት ለመቍጠር እንዳይከብዳቸው ያሠጋ ነበር። ስለዚህ ጄኔራሉ ለሴቶች የተለየ ማኅበር እንዲቋቋም ወስነው፣ በ1910 እኅታቸው ወይዘሪት አግነስ ቤደን ፓዌል መሪነቱን እንዲይዙ አደረጉ። ወይዘሪት አግነስ በዚያን ጊዜ 51 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ንብ ያረቡ፣ ከወንድማቸው ጋር በባሉን ተሳፍረው ወደ ሰማይ የወጡ ሴት ናቸው። እናቶች ልጃቸው ወንዳወንድ እንዳትሆን ሲሠጉ የሚያረጋጉት እኚህ በአየር ላይ የተንሳፈፉ ወይዘሪት መሆናቸውን ስናስብ ፈገግ ሳንል አናልፍም።

ስሙም ተለወጠ። ስካውት ማለት ከጦር ፊት ፊት እየሄደ አገር የሚያይ፣ አባቶቻችን ቃፊር ይሉት የነበረው ሰው ነው። ይህ ለሴት አይስማማም ተብሎ፣ በሰሜን ምዕራብ ህንድ ወሰን ከነበረ አንድ የታወቀ የጦር ክፍል ስም ተወስዶ ጋይድ ተባሉ። ከዚህ ቀደም ጓዶቻቸውን በአራዊትና በአዕዋፍ ስም ይሰይሙ የነበሩትም አሁን በአበባ ስም እንዲሰይሙ ታዘዙ። ተኵላ የነበረችው ጽጌረዳ ሆነች ማለት ነው። ከልጃገረዶቹም ብዙዎቹ በዚህ ነገር አዘኑ፤ ስሙን ከማዕርግ ዝቅ እንደ ማድረግ ቈጠሩት። ነገር ግን በእኛ ቋንቋ ቢመዘን ፍርዱ ሌላ ነው። ጋይድ መንገድ የሚያሳይ፣ መንገድ መሪ ማለት ነውና፤ መሪ በምንለው ቃል ደግሞ መንገድ የሚያሳየውንና ሕዝብ የሚያስተዳድረውን ሳንለይ እንጠራበታለን። ልጃገረዶቹን ከቃፊርነት አወረድናቸው ብለው ያሰቡት ሰዎች፣ አማርኛ ቢያውቁ ኖሮ፣ ስሙን ሲሰጡ ጥቂት ያመነቱ ነበር።

በ1912 ወይዘሪት አግነስ ከወንድማቸው ጋር ያሳተሙት የልጃገረዶቹ መማሪያ ዘመኑን በሚገባ ያሳያል። የሕሙማን አያያዝ፣ የምግብ አሠራር፣ የልብስ ስፌትና የሕፃናት አጠባበቅ በሰፊው ተጽፎበታል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ሌባ ቤት ቢገባ በአንድ ስንዝር ገመድ እንዴት እንደሚታሰርም ተገልጿል። ግማሹ ለእናቶች ማረጋጊያ፣ ግማሹ ለልጃገረዶቹ ማስደሰቻ የተጻፈ ይመስላል። እኛ ግን መሪነትን ያስተማረው ከሁለቱም ግማሽ አንዱ አይደለም እንላለን። ምግብ መሥራት ለልጃገረዲቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሌባ ማሰርም ከብዙዎቹ የደረሰ አይመስለንም። አዲስ የነበረው የድርጅቱ አሠራር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓትሮል የሚሉት፣ እኛ ጓድ የምንለው፣ ከ6 እስከ 8 ልጆች ያሉበት ትንሽ ክፍል የማኅበሩ መሠረት ነው። ጥቂት ጓዶች ሲሰበሰቡ አንድ ጭፍራ ይሆናሉ፤ ለጭፍራውም አንዲት ዐዋቂ ሴት አለቃ ትሾምለታለች። የጓዱ መሪ ግን ከልጆቹ መካከል፣ በጓደኞቿ ምርጫ ወይም በእነርሱ ምክር የምትሾም ልጃገረድ ናት፤ ዕድሜዋም 13 ወይም 14 ዓመት ቢሆን ነው። እርሷም ምክትሏን ይዛ የጓዱን መዝገብ ትጠብቃለች፤ የመዋጮውን ሳንቲም ትሰበስባለች፤ አዲስ የገባችውን ልጅ ቃል ኪዳን እስክትገባ ድረስ ሕጉንና ቋጠሮውን ታስተምራታለች። በሰፈር ጊዜ ውሃ የምትቀዳውን፣ እሳት የምታነደውን፣ ድንኳን የምትተክለውን እርሷ ትመድባለች። ድንኳኑ በሌሊት ዝናም ቢወድቅ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም።

ከዚህም በላይ የክብር ሸንጎ የሚባል አለ። በዚህ ሸንጎ የየጓዱ መሪዎች ከአለቃይቱ ጋር ተቀምጠው ጭፍራው በወሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ይመክራሉ፤ የገንዘቡን ወጪና ገቢ ይመረምራሉ፤ ሕግ የጣሰች ልጅ ብትኖር ጉዳይዋን ሰምተው ይፈርዳሉ። ዐዋቂይቱ ሴት በሸንጎው ላይ ምክር ትሰጣለች እንጂ፣ ደኅና አለቃ ከሆነች፣ የልጆቹን ውሳኔ በራሷ ፈቃድ አትሽርም። ደኅና አለቃ ከሆነች ያልንበት ምክንያት አለን። የማኅበሩ ጽሑፎች ራሳቸው፣ ሁሉን ነገር ራሷ እየሠራች ልጆቹን ተመልካች የምታደርግ አለቃ ጭፍራውን እንደምትገድለው ደጋግመው ይመክራሉና። ደጋግሞ መምከር ያስፈለገው ጥፋቱ የተለመደ ስለ ነበረ ነው።

በዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይበት የምንፈልገው ነገር አለ። ሴት ልጅ ሥራ ጐድሎባት አያውቅም፤ በየትም አገር ቢሆን። በእኛም አገር 10 ዓመት ያልሞላት ልጅ ታናሽ ወንድሟን አዝላ፣ እንስራ ተሸክማ፣ እሳት አያይዛ እናቷ ከገበያ እስክትመለስ ቤት ስትጠብቅ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም። ስለዚህ ኀላፊነት ለሴት ልጅ ከውጭ የመጣ ትምህርት ነው ብንል መሳሳት ይሆንብናል። ነገር ግን ያ ኀላፊነት ሥልጣን የሌለበት ነው። እንስራውን ትሸከማለች እንጂ መቼና ከየት እንደሚቀዳ አትወስንም። ሕፃኑን ትጠብቃለች እንጂ ስለ ሕፃኑ በሚደረገው ምክር አትጠየቅም። ጓዱ ያደረገው አዲስ ነገር ሸክምና ውሳኔን በአንዲት ልጅ እጅ ማገናኘት ነው። ውሳኔዋ ቢሳሳት ውጤቱን የምታየው ከራሷ ጋር በራባቸውና በበረዳቸው ስድስት ጓደኞቿ ፊት ላይ ነበር፤ ከመምህር ቍጣ ይልቅ ይህ እንደሚያስተምር የማስተማር ልምድ ያላቸው አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ዘመኑንም እናስታውስ። በእንግሊዝ አገር ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1918 ሲሆን፣ ያውም 30 ዓመት የሞላቸውና ሌላም ቅድመ ሁኔታ ያሟሉት ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች ጋር የተስተካከሉት በ1928 ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ መብቱ የታወቀላቸው በ1920 ነው። እንግዲህ በ1912 መሪዋን የመረጠችና በሸንጎ ተቀምጣ ሒሳብ የመረመረች ልጅ፣ እናቷ በመንግሥት ምርጫ ድምፅ መስጠት የማይፈቀድላት ነበረች።

ወደ አሜሪካ ያሻገሩት ሴት ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ወይዘሮ ጁልዬት ጎርደን ሎው በ1860 በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ ከባለጸጋ ቤት ተወለዱ። አንድ ጆሮአቸው በሕክምና ስሕተት ተጐዳ። በ1886 በሠርጋቸው ቀን ለምርቃት ከተበተነው ሩዝ አንዲት ፍሬ በሌላው ጆሮአቸው ገብታ እርሱንም አደነቈረችው። ትዳራቸውም አልሰመረም፤ ባላቸው በ1905 ሲሞቱ ከሀብታቸው አብዛኛውን ለሌላ ሴት ተናዘው ተገኙ። 50 ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ወይዘሮ ጁልዬት ከአገር አገር የሚዘዋወሩ፣ ሥራ የሌላቸው ሴት ነበሩ። በ1911 ከጄኔራል ቤደን ፓዌል ጋር ተዋወቁ፤ በዚያው ዓመት ግሌን ላየን በሚባል የስኮትላንድ ሸለቆ ሰባት የድኻ ልጆችን ሰብስበው የጋይድ ጓድ አቋቋሙ። የዚያ ቀበሌ ልጃገረዶች ከፍ ሲሉ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ፋብሪካ ይሰደዱ ነበርና፣ ወይዘሮይቱ ቋጠሮና የመጀመሪያ ርዳታ ብቻ ማስተማሩ በቂ መስሎ አልታያቸውም። ስለዚህ ዶሮ ማርባትና የበግ ጠጕር መፍተል ጨመሩበት፤ ልጆቹም ያረቡትንና የፈተሉትን ሸጠው በአገራቸው መኖር እንዲችሉ ነው።

በማርች 12 ቀን 1912 በተወለዱበት በሳቫና 18 ልጃገረዶችን በሁለት ጓድ መዘገቡ። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ አላፊ አግዳሚው የለበሱትን አጭር ሱሪ እንዳያይ ሜዳው በሸራ መጋረጃ ተከለለ። በሚከተለው ዓመት ማኅበሩ ጋይድ መባሉን ትቶ ስካውት የሚለውን ስም ያዘ። የአሜሪካ የወንዶች ስካውት ማኅበር መሪም ስሙ ለወንዶች ብቻ የተገባ ነው ብለው ለብዙ ዓመታት ተከራከሩ፤ ወይዘሮ ጁልዬት ግን አልለቀቁም። በጆሮአቸው ደካማነትም እንደሚጠቀሙበት ይነገርላቸዋል፤ ርዳታ የሚለምኑት ሰው እምቢ ሲል እንዳልሰሙ ሆነው ያመሰግኑታል ይባላል። በ1914 ገንዘብ ባለቀ ጊዜ የዕንቍ ሐብላቸውን 8,000 ዶላር ሸጠው የማኅበሩን ወጪ ሸፈኑ። የሞቱት በጃንዋሪ 1927 ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንመለስ። የጓዱ አሠራር ያፈራውን ፍሬ የውጭ ሰው የመዘነበት የመጀመሪያው ጊዜ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። በሎንዶን የሚገኘው የእንግሊዝ የጸጥታ መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ ኤም አይ 5 የሚባለው፣ ምስጢር ያለበት ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል የሚያደርሱ ተላላኪዎች አስፈለጉት። በመጀመሪያ ወንዶች ስካውቶችን ቀጥሮ ነበር። ወንዶቹ ግን ሥራ በሌለበት ሰዓት እየተሰላቹ ስላስቸገሩ፣ ከሴፕቴምበር 1915 ጀምሮ በእነርሱ ፈንታ ልጃገረዶች ጋይዶች ገቡ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 ሲሆን፣ ደመወዛቸው በሳምንት 10 ሺሊንግና ምግብ ነበር። የሚያደርሱትን ወረቀት እንዳያነቡ በክብራቸው ቃል ገብተዋል። በመሥሪያ ቤቱም ውስጥ እንደ ልማዳቸው በጓድ ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ጓድ በመሪው ይጠየቅ ነበር። ጦርነቱ አልቆ በ1919 የሰላም ጉባኤ በፓሪስ ሲደረግ፣ ከእነዚህ ልጃገረዶች ጥቂቶቹ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ተልከው እዚያ አገልግለዋል።

በቢሮ ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ሲያነቡ አንድ ነገር ሳያስተውሉ አይቀሩም። የመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ልጃገረዶቹን መሪነት አላስተማሯቸውም፤ ለማስተማርም ጊዜ አልነበራቸው። የተሠራ ነገር አግኝተው ተጠቀሙበት።

እውነተኛ ታሪክ ለመጻፍ ግን ነውሩንም መደበቅ አይገባም። ሳይጠሩ በመጡ ልጆች የተመሠረተው ማኅበር፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ እርሱ ራሱ በር ዘጊ ሆነ። በህንድ አገር የመጀመሪያው የጋይድ ጭፍራ በ1911 በጀበልፑር ሲቋቋም ለአውሮፓውያን ልጆች ብቻ ነበር፤ የአገሩ ልጆች እንዲገቡ የተፈቀደላቸው በ1916 ነው። በደቡብ አፍሪካም፣ ስካውትነት በታሰበበት አገር፣ ጥቍሮች ልጃገረዶች እስከ 1936 ድረስ በሌላ ስም በሚጠራ ማኅበር ተለይተው ቆዩ። የደንብ ልብሱ ዋጋም በብዙ አገር የድኻን ልጅ ከበር መልሷል።

በዚህ በኩል ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የወይዘሮ ጆሴፊን ግሮቭስ ሆሎዌይ ታሪክ ነው። እኚህ ጥቍር አሜሪካዊት በ1920ዎቹ ዓመታት በቴኔሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ በአንድ የበጎ አድራጎት ቤት ሲሠሩ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ትምህርት ተቀብለው ብዙ ልጃገረዶችን በስካውት ሥራ አሰማሩ። በ1933 ግን የራሳቸው ልጆች የሚገቡበት ጭፍራ እንዲመዘገብላቸው ቢጠይቁ፣ ለጥቍሮች የተለየ ቦታ ማዘጋጀት ወጪ ያበዛል የሚል ምክንያት ተሰጥቷቸው ተከለከሉ። ወይዘሮይቱ ወደ ቤታቸው ተመለሱና የማኅበሩን መጽሐፍ ፈልገው አግኝተው፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው ጭፍራውን አቋቋሙ። ከልጆቹ ጋር ሕጉን አጠኑ፣ ጓድ ከፈሉ፣ መሪ ሾሙ። ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1942፣ የከተማይቱ ምክር ቤት ጭፍራውን ዐወቀላቸው፤ በ1944ም ወይዘሮ ሆሎዌይን በደመወዝ ቀጠራቸው። የክሪስታል ፓላስ ልጆች ለአንድ ቀን ያደረጉትን እኚህ ሴት ዘጠኝ ዓመት አደረጉት።

የአሜሪካው ማኅበር የሥራውን ዋጋ ለማሳየት የታላላቅ ሴቶችን ስም መዘርዘር ይወዳል። ማደሊን ኦልብራይት፣ ኮንዶሊዛ ራይስና ሂላሪ ክሊንተን፣ ሦስቱም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት፣ በልጅነታቸው ስካውቶች እንደ ነበሩ ይነገራል። እኛ በዚህ ዓይነት ማስረጃ ብዙ አንደገፍም። በዚያ አገር በማኅበሩ ያለፉት ልጃገረዶች እጅግ ብዙ ስለ ነበሩ፣ ታላላቆቹ ከመካከላቸው ቢገኙ አያስደንቅም። የአንድን ትምህርት ዋጋ ለማወቅ የሚሻለው፣ አስተማሪው ሁሉ በጠፋ ጊዜ ተማሪው የሚያደርገውን መመልከት ነው። ይህንንም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሁለት ቦታ አሳይቶናል፤ አንዱ በቻይና፣ ሁለተኛው በጀርመን አገር።

በቻይና፣ በሻንዶንግ አውራጃ ቺፉ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ወላጆቻቸው በቻይና ውስጥ በወንጌል ሥራ የተሰማሩ ልጆች የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በ1941 መጨረሻ ጃፓኖች ጦርነት ሲከፍቱ ልጆቹንና መምህራኑን ያዟቸው፤ በ1943ም ዌይሺየን ወደሚባል፣ 1,500 ያህል እስረኞች ወደ ታጐሩበት ግቢ አዛወሯቸው። ወላጆቻቸው በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቀው ነበር። መምህራኑ የጋይዱን ሥራ በእስር ቤትም ውስጥ አላቋረጡም። ክረምቱ በጠና ጊዜ ልጃገረዶቹ የከሰል ብናኝ እየለቀሙ፣ ከጭቃ ጋር ለውሰው እያድቦለቦሉና በፀሓይ እያደረቁ ለምድጃ ማገዶ ያዘጋጁ ነበር። ይህንንም የጓድ ለጓድ ውድድር አድርገውት ነበርና፣ ሥራው ሸክም መሆኑ ቀርቶ ጨዋታ ሆነላቸው። በኦገስት 17 ቀን 1945 ከአሜሪካ ጦር የተላኩ ሰባት ሰዎች በፓራሹት ወርደው ነፃ አወጧቸው። የትንንሾቹ ጭፍራ የሥራ መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ ተርፎ ይገኛል፤ በሥዕል ያጌጠና በመዝሙር የተሞላ ሲሆን፣ ገጹን የሚገልጥ ሰው በምርኮ ሰፈር የተጻፈ መሆኑን ወዲያው አያውቅም።

በዌይሺየን እንኳ መምህራን ከልጆቹ ጋር ነበሩ። በጀርመን አገር ግን የሆነው ከዚህ የከፋ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው በፖላንድ ነው። ፖላንድ ገና በሦስት መንግሥታት ተከፋፍላ ሳለች፣ በ1911 በልቮቭ ከተማ ወይዘሪት ኦልጋ ድራሆኖፍስካ የተባሉት የመጀመሪያውን የልጃገረዶች ጭፍራ አቋቁመው ነበር። አገሪቱ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ሥራው ሰፋ። ጦርነት መምጣቱ በታወቀ ጊዜ፣ በ1938፣ ልጃገረዶቹ በወይዘሪት ዮዜፊና ዋፒንስካ መሪነት ቍስለኛ ማከምን፣ መልእክት ማድረስንና ወላጅ ያጡትን ሕፃናት መጠበቅን አስቀድመው ተማሩ። ጀርመኖች በሴፕቴምበር 1939 አገሪቱን ሲይዙ የስካውት ማኅበር አባል መሆን ለሞት የሚያበቃ ወንጀል ሆነ፤ ማኅበሩ ግን በስውር ቀጠለ። ከተያዙትም ብዙዎቹ ከበርሊን በስተ ሰሜን ወደሚገኘው ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች ማጐሪያ ተላኩ።

በዚያ ማጐሪያ ውስጥ፣ በ1941 መጨረሻ፣ ዮዜፋ ካንቶር የተባሉ መምህርት ከእስረኞቹ መካከል በስካውትነት ያለፉትን እየለዩ በምስጢር አንድ ጭፍራ አቋቋሙ። ስሙንም ሙሪ አሉት፤ በፖላንድ ቋንቋ ግንቦች ማለት ነው። ጓዶቹም በግንበኛ ዕቃ ስም ተጠሩ፤ አንዱ መሠረት፣ አንዱ ጡብ፣ አንዱ ድንጋይ ተባለ። የደንብ ልብስ የለ፣ ሰንደቅ የለ፣ መዝገብ የለ፤ ቢገኝ የሚያስገድል ነበርና። የቀረው የጓዱ አሠራር ብቻ ነው፤ ጥቂት ሴቶች፣ አንዲት መሪ፣ የተከፋፈለ ሥራ። መመሪያቸውም ራስ ጸንቶ ሌላውን ማጽናት ነበር። አዲስ የገባችውን እስረኛ በመጀመሪያዋ ሌሊት የምታጽናና፣ ለታመመችው ከራሷ ቍራሽ የምታካፍል፣ ትምህርታቸው ለተቋረጠው ወጣቶች በሹክሹክታ የምታስተምር በየጓዱ ትመደብ ነበር። ከኦገስት 1942 ጀምሮ የማጐሪያው ሐኪሞች 74 የፖላንድ ሴቶችን እግር እየቀደዱ ለምርመራ በተጠቀሙባቸው ጊዜ፣ ከእነርሱ መካከል የጭፍራው አባሎች ነበሩባቸው። ጓደኞቻቸውም ውሃና ምግብ በስርቆት ያደርሱላቸው ነበር።

የጭፍራው አባሎች ከመቶ በላይ ደርሰው ነበር። መሪ ስትሞት ወይም ወደ ሌላ ማጐሪያ ስትወሰድ ምክትሏ ቦታዋን ትይዛለች፤ ይህን ሥርዐት አዲስ ማውጣት አላስፈለጋቸውም፤ በልጅነታቸው የውሃ ተራ ሲደለድሉ የለመዱት ነውና። በኤፕሪል 1945 የስዊድን ቀይ መስቀል መኪናዎች ከእስረኞቹ ብዙዎቹን ወደ ስዊድን ሲያጓጉዙ፣ በወሩም መጨረሻ የሩሲያ ጦር ወደ ማጐሪያው ሲገባ፣ ሙሪ የተባለው ጭፍራ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሠርቶ ነበር። ከዚህ በኋላ አባሎቹ ወደየመጡበት ተበታተኑ።